ለተራራ ጉዞ የሚሆን ቀላል የስኪ ማሰሪያ አመራረጥ

ሰውን በገመድ ወደ ተራራ በሚያወጣው ሊፍት ሳይሆን በራሱ እግር ተራራ ወጥቶ ማንም ባልረገጠው በረዶ ላይ መውረድ የሚፈልግ ሰው ሦስት ዋና ዕቃ ይገዛል፦ ስኪ፣ ጫማና ሁለቱን የሚያገናኘው ማሰሪያ። ከሦስቱ ትንሹ ማሰሪያው ነው፤ ገዢን አብዝቶ የሚያደናግረውም እሱው ነው። ሽቅብ ሲወጡ ተረከዝ እንዲነሳ ይፈታል፣ ቁልቁል ሲወርዱ ተረከዙን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፤ በዚያ ላይ ሰው ሲወድቅ አጥንት ከመሰበሩ በፊት ጫማውን መልቀቅ ይጠበቅበታል። ሻጮች አስቀድመው የሚነግሩን ግን ክብደቱን ነው። በእኔ አስተያየት ስለ ግራም የሚጠየቀው ዘግይቶ ነው። ቀድሞ የሚጠየቀው «መቼ ይለቃል? መቼስ አይለቅም?» የሚለው ነው።

መመሪያው በዴንቨርም ሆነ በሙኒክ፣ በጄኔቫም ሆነ በኦስሎ ኖሮ በሊፍት እየወጣ መውረድን ለለመደ፣ አሁን ከተደላደለው መንገድ ወጣ ማለት ለከጀለው ሰው የተጻፈ ነው። ለጀማሪ አይሆንም። አንድ ነገርም አስቀድሞ ይለይ። ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሎምፒክ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ የተወዳደረበት የአገር አቋራጭ ስኪ የራሱ ማሰሪያ አለው። ያኛው የጫማውን አፍንጫ ብቻ ይይዛል፤ ተረከዝ ጨርሶ አይታሰርም፣ ሲወድቁ እንዲለቅም ታስቦ አልተሠራም። የእኛ ጉዳይ ሌላው ነው።

1. የሚወርዱበትን ቦታ ይወስኑ

ዛሬ በገበያ ላይ ያለው ቀላል ማሰሪያ ሁሉ ማለት ይቻላል ኦስትሪያዊው ፍሪትዝ ባርተል በ1980ዎቹ ካፈለቀው ሐሳብ የወጣ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው የተራራ ማሰሪያ ጫማውን ከነሙሉ የብረት ፍሬም ያነሳ ነበር፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ፍሬሙም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ባርተል ጫማው ራሱ ጠንካራ ከሆነ ፍሬም መሸከም ለምን ያስፈልጋል አለ። በጫማው አፍንጫ ግራና ቀኝ ትንንሽ የብረት ጉድጓዶች አበጀ፤ ስኪው ላይ ደግሞ እነዚያን ጉድጓዶች ከሁለት በኩል የሚነክሱ ፒኖች ተከለ። ከኋላም ሁለት ፒኖች ወደ ተረከዙ ይገባሉ። ሲወጡ የኋላው ክፍል ስኪው ላይ እንደተቀመጠ ይቀራል፤ እግር የሚያነሳው ጫማውን ብቻ ነው። ዲናፊት የተባለው ኩባንያ ዘዴውን ለገበያ አቀረበው። የፈጠራ መብቱ ዘመን ሲያልፍ የጣሊያኑ ኤቲኬ፣ የፈረንሳዩ ፕለም እና ሌሎችም ተከተሉ።

ከዚህ ሐሳብ የወጡት ማሰሪያዎች ዛሬ በክብደት ይለያያሉ። ከዚህ በታች የምጠቅሰው ክብደት የአንድ እግር ነው።

ከ100 እስከ 200 ግራም የሚመዝኑት የእሽቅድምድም ናቸው። የተራራ ስኪ ውድድር በ2026 የሚላኖ ኮርቲና ኦሎምፒክ ላይ ስለገባ ስማቸው ገኗል፤ በቴሌቪዥን ያየ ሁሉ ይመኛቸዋል። ፍሬን የላቸውም፣ የመልቀቂያ ኃይላቸው በአብዛኛው አይስተካከልም፣ ዳገት ላይ ከተረከዝ ስር የሚዘረጋው መወጣጫቸውም አንድ ብቻ ነው። ሰዓት ለሚቆጥር ተወዳዳሪ የተሠሩ ናቸውና ለእሱ ይተዉለት።

ከ700 እስከ 900 ግራም ያሉት ድብልቆች ናቸው። ሳሎሞን የተባለው ኩባንያ በ2018 ያወጣው ሺፍት ሲወጡ በፒን ይሠራል፤ ሲወርዱ ፒኑን አጥፎ እንደ መደበኛ የሊፍት ማሰሪያ የጫማውን አፍንጫና ተረከዝ ይይዛል። የማርከር ኪንግፒን እና ከእሱ ትንሽ ቀለል የሚለው የፍሪቺ ቴክቶን ደግሞ ከፊት ፒን፣ ከኋላ የመደበኛ ማሰሪያ ተረከዝ አላቸው። ከስኪ ቀኖችዎ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሊፍት ከሆኑ ከእነዚህ አይራቁ። ጠንካራና የተቦረቦረ የሊፍት መንገድ ለቀላል ፒን አይስማማም፤ ምክንያቱን በሦስተኛው ላይ እመለስበታለሁ።

አሮጌው ባለፍሬም ማሰሪያ አሁንም በሁለተኛ እጅ በርካሽ ይገኛል። ክብደቱ ለአንድ እግር 1 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ነው። አንድ ቀን ወጥተው ስፖርቱን ሊጠሉት ከፈለጉ ይግዙት።

ለአብዛኛው ሰው የሚበቃው በመሃል ያለው፣ ከ250 እስከ 450 ግራም የሚመዝነው፣ ወደ ጎንም ወደ ፊትም የመልቀቂያ ኃይሉ የሚስተካከለው ነው። የቀረው የዚህ ጽሑፍ ክፍል በዋነኛነት ስለዚህ ወገን ነው።

2. ጫማዎን ገልብጠው ይመልከቱ

ማሰሪያ ከጫማ ቀድሞ አይገዛም። መጀመሪያ ከጫማው አፍንጫ ጎንና ጎን የብረት ጉድጓዶቹ፣ ከተረከዙም ባለ ሁለት ቀዳዳው ብረት መኖራቸውን ያረጋግጡ። የተለመደ የሊፍት ጫማ በአብዛኛው የለውም፤ በስቶ ማስገባትም አይቻልም።

ቀጥሎ የጫማውን አፍንጫ ጠርዝ ይዩ። እንደ ሺፍት ያለው ድብልቅ ማሰሪያ ከፊት ወጣ ያለ ከንፈር ያለው ጫማ ይፈልጋል፤ ኪንግፒንና ቴክቶን ደግሞ ከኋላ የተረከዝ ጠርዝ ይፈልጋሉ። አንዳንድ በጣም ቀላል የተራራ ጫማዎች ክብደት ለመቀነስ ሲባል ይህ ከንፈር ተቆርጦባቸዋል። ጫማና ማሰሪያ ለየብቻ ጥሩ ሆነው አብረው የማይሠሩበት ጊዜ አለና በአምራቹ የተስማሚነት ዝርዝር ላይ ሳያመሳክሩ ገንዘብ አይክፈሉ።

በመጨረሻ ተረከዙ አካባቢ የተጻፈውን የሶል ርዝመት ይመዝግቡ። በሚሊ ሜትር የተሰጠ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ 297 ወይም 306። የጫማ ቁጥርዎ 42 መሆኑ ለማሰሪያ ሠሪው ምንም አይነግረውም፤ ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው ሁለት ጫማዎች የሶል ርዝመታቸው ሊለያይ ይችላል።

ያገለገለ ጫማ ከሆነ ጉድጓዶቹን በጣት ጫፍ ይዳስሱ። አፋቸው ተበልቶ ሞላላ ከሆነ ፒኑ ይወላገዳል፤ የትኛውም አዲስ ማሰሪያ ያንን አያድነውም።

3. አለቃቀቁን ይረዱ

እዚህ ላይ ጊዜ ቢወስዱ አይቆጭዎትም።

የፊተኛው ክፍል እንደ ልብስ መስጫ መቆንጠጫ ሁለት ክንፎቹን በሞላ ኃይል ገጥሞ ጫማውን ይነክሳል። ሲወጡ ከፊቱ ያለውን ማንሻ ወደ ላይ ስበው ይቆልፉታል፤ የተቆለፈ ማሰሪያ እግር ሲጠማዘዝ አይለቅም ማለት ይቻላል። ሲወርዱ ቁልፉ ይከፈታል፤ ያኔ የመልቀቁ ሥራ በአብዛኛው የኋላው ክፍል ነው። ወደ ፊት ሲደፉ የኋላ ፒኖቹ የተያዙበትን ሞላ ገፍተው ተረከዙን ይለቃሉ። ወደ ጎን ሲጠማዘዙ ደግሞ የኋላው ክፍል በቆመበት ይዞራል፣ ተረከዙ ይወጣል፣ ከዚያም የፊት ክንፎቹ በጫማው መጠምዘዝ ተገፍተው ይከፈታሉ።

በሊፍት ማሰሪያ ላይ ግን ወደ ጎን የሚለቀው ፊቱ ነው። ፍሪቺ በቪፔክና በቴክቶን ማሰሪያዎቹ ይህንኑ ወደ ፒን ማሰሪያ አምጥቶታል፤ ሁለቱም ወደ ጎን ከፊት ይለቃሉ። ጉልበቱን አንድ ጊዜ የተጎዳ ሰው ለጥቂት ተጨማሪ ግራም ብሎ ባያልፋቸው ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የመልቀቂያ ቁጥሩ፣ በተለምዶ ዲን የሚባለው፣ የሚወጣው ከክብደትዎ፣ ከቁመትዎ፣ ከዕድሜዎ፣ ከጫማው የሶል ርዝመትና ከአወራረድ ችሎታዎ ነው። ሱቆች ለዚህ አይኤስኦ 11088 የተባለውን ደረጃ የተከተለ ሠንጠረዥ ይጠቀማሉ። 50 ዓመት የሞላው ሰው ቁጥሩ ዝቅ ይልለታል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝንና መካከለኛ ችሎታ ያለው ጎልማሳ በአብዛኛው ከ5 እስከ 8 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ሠንጠረዡ ላይ ስለ ችሎታ ሲጠየቁ አይኩራሩ፤ ራሱን ከፍ አድርጎ የተናገረ ሰው ሞላው እንዲጠብቅበት ፈርሟል ማለት ነው።

የራስዎን ቁጥር ካወቁ በኋላ ያ ቁጥር በማሰሪያው መለኪያ መሃል አካባቢ የሚያርፍበትን ይምረጡ። ቁጥርዎ 6 ከሆነ ከ4 እስከ 10 የሚሄደው ይስማማዎታል። ከ6 የሚጀምረውን ቢገዙ ማላላት ሲያስፈልግ ቦታ አይኖርዎትም። «እስከ 13 ይሄዳል» የሚለው የሻጭ ወሬ ለእርስዎ ምንም አይጨምርም።

አንዳንድ ቀላል ማሰሪያዎች የሚዞር ብሎን የላቸውም፤ የ«ዩ» ቅርጽ ያለው ሞላ ይገባባቸዋል። የሳሎሞኑ ኤምቲኤን እና የአቶሚኩ ባክላንድ ለምሳሌ በሦስት ዓይነት ሞላ ይቀርባሉ። ቁጥርዎ ከአንዱ ጋር ከገጠመ ጥሩ፣ ቀላልና የማይበላሽ ነገር ነው። በሁለቱ መሃል ከወደቀ ግን የሚስተካከለውን ይፈልጉ።

ስለ ምስክር ወረቀትም አንድ ቃል። የተራራ ማሰሪያ ደረጃ አይኤስኦ 13992 ይባላል፤ ቲዩቪ የተባለው የጀርመን መርማሪ ተቋም ማሰሪያ በዚህ ደረጃ ይፈትናል። በጣም ቀላል የሆኑት ብዙዎቹ ይህ ምስክርነት የላቸውም። ይህ መጥፎ ናቸው ማለት አይደለም። በላያቸው የተጻፈው 8 ግን በሊፍት ማሰሪያ ላይ ካለው 8 ጋር እኩል ነው ብሎ የመሰከረልዎ ሦስተኛ ወገን የለም።

በሊፍት መንገድ ላይ ቀላል ፒን የማይስማማበት ምክንያት ደግሞ የሚከተለው ነው። የሊፍት ማሰሪያ ጫማው ትንሽ ሲገፋ አብሮ ይሄድና ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ የመለጠጥ ትዕግሥት አለው። ቀላል ፒን ይህ ትዕግሥቱ አጭር ነው። በረዷማና ጎርባጣ መንገድ ላይ በፍጥነት ሲወርዱ ሳይወድቁ ይለቃል። የተበሳጨ ሰው ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ያጠብቃል፣ ወይም ይባስ ብሎ የፊቱን ቆልፎ ይወርዳል። ገደል ላይ የሚወርዱ ባለሙያዎች መውደቅ ራሱ ሞት በሆነበት ቦታ እያወቁ ይቆልፉታል። እኔና እርስዎ የምንወርደው እዚያ አይደለም።

4. አሁን ይመዝኑ

ግራም ዋጋ አለው፤ ማንም አይክደውም። በመካከለኛ ዳገት 1,000 ሜትር ከፍታ ለመውጣት አንድ ሰው ወደ 7,000 ገደማ እርምጃ ይራመዳል ብንል፣ በ300 ግራምና በ900 ግራም ማሰሪያ መካከል ያለው የ600 ግራም ልዩነት በቀኑ መጨረሻ ከ4 ቶን በላይ ይሆናል። እርግጥ ስኪው በሙሉ አይነሳም፣ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ሒሳቡ ሸክሙን ያጋንነዋል። እግር ላይ ያለ ክብደት ከጀርባ ክብደት ይልቅ እንደሚያደክም ግን የወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

በማስታወቂያ ላይ ያለውን ቁጥር ሲያነቡ ሦስት ነገር ይጠይቁ። የአንዱ ነው ወይስ የጥንዱ? ፍሬኑ አለበት? ብሎኖቹና ማስተካከያ ሳህኑስ? ፍሬን ብቻውን ለአንድ እግር ወደ 100 ግራም ሊጨምር ይችላል። «290 ግራም» ተብሎ የተገዛው ማሰሪያ ሙሉ ዕቃው ሲገጠም 400 ሊሆን ይችላል። ከተቻለ ሱቅ ውስጥ ሚዛን ላይ ያስቀምጡት።

ከዚያም ልዩነቱን ከሌላው ዕቃዎ ጋር ያስተያዩ። በሁለት ማሰሪያዎች መካከል ያለው ልዩነት 80 ግራም፣ የዋጋ ልዩነቱ ግን ከፍተኛ ከሆነ ገንዘቡን ለቀላል ጫማ ቢያውሉት ይሻላል። ከስኪው ስር የሚለጠፈው መውጫ ቆዳ በሰም ሳይታሽ ቀርቶ እርጥብ በረዶ ሲጋገርበት ያን 80 ግራም በደቂቃ ውስጥ ብዙ እጥፍ አድርጎ ይመልሰዋል። በበረዶ ናዳ የተቀበረ ሰው መፈለጊያ መሣሪያን፣ አካፋንና መመርመሪያ ዘንግን ለክብደት ሲል የሚተው ሰውም አይቻለሁ፤ በማሰሪያው ቅለት ግን ይኩራራል።

5. ፍሬን ወይስ ገመድ

ስኪ ከእግር ሲወልቅ ፍሬኑ ሁለት ክንዶቹን ወደ በረዶው ሰክቶ ያስቆመዋል። ገመድ ደግሞ ስኪውን ከጫማው ጋር ያያይዘዋል፤ ጥቂት ግራም ብቻ ይመዝናል፣ ርካሽም ነው። ችግሩ ናዳ ሲመጣ ነው። በእግር የታሰረ ስኪ በናዳ ውስጥ ሰውን ወደ ታች ይጎትታል፤ ስለዚህ ገመድ የሚጠቀሙ ሰዎች በናዳ አስጊ ቦታ ይፈቱታል፣ ወይም በብርቱ ሲሳብ የሚበጠስ ዓይነት ይገዛሉ። ገመድ የሌለው፣ ፍሬንም የሌለው ስኪ ግን ከወለቀ ሸለቆ ድረስ ይወርዳል፤ ከታች ያለ ሰውም ይመታል። ብዙ የስኪ ቦታዎች በግቢያቸው ለሚወጣ ሰው ከሁለቱ አንዱን ያስገድዳሉ።

ለመጀመሪያ ማሰሪያ ፍሬን ያለውን እመርጣለሁ። ስፋቱን በስኪው ወገብ፣ ማለትም በመሃሉ ስፋት፣ ይለኩ፦ ፍሬኑ ከወገቡ እኩል ወይም እስከ 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ሰፋ ያለ ይሁን። 95 ሚሊ ሜትር ወገብ ላለው ስኪ የ85 ፍሬን አይዘጋም፤ የ120 ደግሞ ጎን ለጎን ሲሄዱ በረዶ ይጎትታል፣ ከሌላኛውም ስኪ ጋር ይያያዛል።

6. መወጣጫና ጥርሳም ብረት

ዳገቱ ቀጥ ሲል ከተረከዝ ስር የሚዘረጋው መወጣጫ የባት ጡንቻን ያሳርፋል። ጠፍጣፋ መሄጃ እና ሁለት ከፍታዎች ያሉት ይበቃል። ሱቅ ውስጥ ጓንት አድርገው፣ በምርኩዝ ጫፍ ብቻ ይገልብጡት። በእጅ ካልሆነ እንቢ የሚል ከሆነ ተራራ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲያጎነብሱ ይውላሉ።

የበረደ ዳገት ላይ ከጫማ ስር ገብቶ በረዶውን የሚነክሰው ጥርሳም ብረትም አለ። ማሰሪያው ለእሱ ማስገቢያ ይኑረው፤ የብረቱ ስፋት ከስኪው ወገብ አይነስ። በፀደይ ማለዳ በአልፕስ የሚወጣ ሰው ያስፈልገዋል፤ በኮሎራዶ ደረቅና ለስላሳ የክረምት በረዶ ላይ ብዙም አይወጣም ከቦርሳ።

7. አገጣጠሙን ለሱቅ ይተዉ፣ ግን ያረጋግጡ

ማሰሪያ በስኪ ላይ በቀዳዳ ይተከላል፤ የተበሳሳ ስኪ ወደ ኋላ አይመለስም። የቀዳዳው ስፋትና ጥልቀት ስኪው ላይ ራሱ ተጽፏል፦ በአብዛኛው 3.5 ወይም 3.6 በ9 ሚሊ ሜትር፣ ውስጡ የብረት ንጣፍ ካለው ደግሞ 4.1 በ9። ቤት ውስጥ በተገኘው ፑንታ የሚሞክር ሰው ወይ ስኪውን ወደ ታች ይበሳዋል፣ ወይ ብሎኑ አይነክስለትም። ሱቆች ቀዳዳውን የሚመራ ቅርጽ አላቸው። ለተራራ ስኪ ብሎኑ ኢፖክሲ በሚባለው ሙጫ እንዲጣበቅ ይጠይቁ፤ ውሃ እንዳይገባና እንዳይላላ ያደርጋል።

የጫማዎ መሃል ምልክት ከስኪው መሃል ምልክት ጋር ይግጠም። ሌላ ፍላጎት ካለዎት ከመበሳቱ በፊት ይናገሩ፤ አዲስ ቀዳዳ ከአሮጌው ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበትና ሁለተኛ ዕድል ጠባብ ነው።

የኋላው ክፍል ምን ያህል ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንደሚሄድ ይጠይቁ። ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ከሆነ ጫማ ሲቀይሩ ወይም ለወንድምዎ ሲያውሱ እንደገና መበሳት አይኖርም። የእሽቅድምድም ዓይነቶች ያለ ተጨማሪ ሳህን አይንቀሳቀሱም።

ከሁሉ የሚረሳው በተረከዙና በኋላው ክፍል መካከል ያለው ክፍተት ነው። ስኪ ሲጎብጥ የፊትና የኋላው ክፍል ይቀራረባሉ፤ ክፍተት ከሌለ ጫማው ተጣብቆ የመልቀቂያ ቁጥሩ ውሸት ይሆናል። ክፍተቱ ከመጠን በላይ ከሆነ ደግሞ ፒኖቹ በደንብ አይገቡም። መጠኑን አምራቹ ይወስነዋል፦ አንዳንዱ 4፣ አንዳንዱ 5.5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ይላል፤ ከኋላ የሚገፋ ሞላ ያላቸው አንዳንድ አዳዲሶች ደግሞ ጫማውን ነክተው ይቀመጣሉ። መለኪያው ከሳጥኑ ውስጥ አብሮ ይመጣል። ስኪውን ሲረከቡ ጫማዎን አስገብተው ራስዎ ይለኩ፤ ሁለቱንም ስኪ።

8. ከመውጣትዎ በፊት ይለማመዱ

ሳሎን ምንጣፍ ላይ መግባትና መውጣትን ይድገሙ። ፒን ማሰሪያ ውስጥ መግባት መጀመሪያ ያናድዳል፦ የጫማው አፍንጫ ከፒኖቹ መሃል በትክክል ካላረፈ ክንፎቹ ባዶውን ይዘጋሉ። ከመውጫ ወደ መውረጃ መቀየርን፣ የኋላውን ክፍል ማዞርን፣ የፊቱን ቁልፍ መክፈትን እጅዎ እስኪለምድ ያድርጉ። ተራራ ጫፍ ላይ ነፋስ ፊትዎን ሲገርፈው የአሠራር ወረቀቱን አያነቡም።

ቀጥሎ በሊፍት ቦታ፣ ለስላሳ በረዶ ላይ ጥቂት ጊዜ ይውረዱበት። ሳይወድቁ ከለቀቀ ቁጥሩን ከማጥበቅ በፊት ከፊት ክንፎቹ ስር ይመልከቱ። እዚያ የተረገጠ በረዶ ከገባ ክንፎቹ እስከ መጨረሻው አይዘጉም፤ ማሰሪያው የያዘ ይመስላል፣ በመጀመሪያው ጉብታ ይለቃል። በእያንዳንዱ ጊዜ ሲገቡ በረዶውን በምርኩዝ ጫፍ ያውጡት፣ የጫማውንም ጉድጓዶች ይጥረጉ። የፊቱን ብቻ አስገብተው እግርዎን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ደጋግመው ያወዛውዙ፤ ፒኖቹ በውስጥ የቀረውን በረዶ ይፈጩታል። ከዚያ ተረከዙን ይርገጡ።

ቦርሳዎ ውስጥ ለማሰሪያዎ ብሎኖች የሚሆን ትንሽ ካቻቪቴ፣ ሁለት መለዋወጫ ብሎንና ጠንካራ የፕላስቲክ ማሰሪያ ይኑር። በየዓመቱ ወቅቱ ሲጀምር ሱቅ ወስደው የመልቀቂያ ኃይሉን በመሣሪያ ያስለኩት፤ ሞላ በዕድሜ ይደክማል፣ ቁጥሩ ግን በላዩ እንደተጻፈ ይቆያል። ወቅቱ ሲያልቅም ዲኑን ወደ ዝቅተኛው አላልተው ያስቀምጡት፣ የነበረበትንም ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈው ስኪው ላይ ይለጥፉ፤ አለበለዚያ በኅዳር ወር በተላላ ሞላ ተራራ ይወጣሉ።